ብርቄ የዋለችበት ገና

ለታናሽ እህቴ ለብርቄ፤

ከተለየሽን ሁለት ወር ሊሞላ ነው። እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ወደ ወሬው ልግባ።

አባታችን ለጥጥ ለቀማ ወደ አዋሽ ከወረደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። የቤታችንን ወራጅና ማገር ለማገዶ የሸጥነው አንቺ እያለሽ ነው፤ አሁን ግድግዳውም መፍረስ ጀምሯል። እናታችን ቆቦ መጠለያው ውስጥ፣ አንቺ የምታውቂው ቦታ ላይ ናት። የእርዳታው ስንዴ አሁን አይቋረጥም። እግሯ ላይ የነበረው እብጠት ጎድሎላታል። ትምህርት ቤትም ተከፍቷል። አስተማሪያችን ስም ሲጠራ መልስ ያልሰጠውን ትንሽ ቆም ብሎ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

አንቺ የሞትሽ ዕለት ለቅሶ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። በዚያ ጠዋት የተቀበረው ብዙ ሰው ነው፤ የሚያለቅስ ጉልበት የነበረው ጥቂት ነው። ከእናታችን ጎን የተቀመጡት ሴቶች ሊያጽናኗት ፈልገው፣ “ተመስገን በይ፤ ወንዱ ተርፎልሻል። ያችን እያት፣ አራቱን ቀብራ ነው የተቀመጠችው” አሏት። እናታችን ያመለከቷትን ሴት አየቻት። ከዚያ በኋላ ለማልቀስ ያፈረች ይመስለኛል።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ጠራችኝና፣ “ደምሌ አልሰማም። አዲስ አበባ ሂድና በወጉ ይረዳ። እዚያ ሰው አለ፣ እድር አለ። ልጄ እንደ ሰው ይለቀስላት” አለችኝ። ወደ አያ ደምሌ የተላክሁት ለዚህ ነው። ታላቅ ወንድማችን ከሄደ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው። ሰው በመጣ ቁጥር “ብርቄን ለገና አመጣታለሁ፣ ከተማው ሲያምር ታየዋለች” ብሎ እንደሚልክልሽ አትረሺውም። መንገዱንም ከተማውንም ልጽፍልሽ የፈለግሁት አንቺ ልታዪው የነበረ ስለሆነ ነው።

ስንዴ አራግፎ ባዶውን በሚመለስ የጭነት መኪና ሄድኩ። ጎብዬና ሮቢት ላይ ሾፌሩ አልቆመም፤ የሚያስቆም ነገርም አልነበረም። ደሴ ላይ ምግብ ቤት ገባን። የገና ጾም ስለነበር ሽሮ አዘዘልኝ። እንጀራ ሲያስጨምር ለማን እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ፤ ለካ ለእኔ ነው። ደግሞ ሌላ ሮቢት እንዳለ ታውቂያለሽ? ሸዋ ውስጥ ነው። የኛን ሮቢት ስም ይዞ አረንጓዴ ሆኖ ተቀምጧል፤ ልጆች በመስኮት በኩል ብርቱካን ይሸጣሉ። ደብረ ሲና ላይ ሾፌሩ ቆሎ ገዝቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ መንገዱ ተራራው ሆድ ውስጥ ይገባል። ጨለማ ነው፤ ውኃ ከላይ ይንጠባጠባል። አንቺ ብትሆኚ ትጮሂ ነበር፤ ከዚያ እንደገና እንለፍበት ትዪ ነበር።

አዲስ አበባ ስንደርስ፣ መኪናው የሚያድርበት መጋዘን ዘበኛ ጋሽ እሸቴ የሚባሉ የጎብዬ ሰው ናቸው። እናታችን አስቀድሜ ለእሳቸው እንድነግር አዝዛኝ ነበር። ነገርኳቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ “ስማ ልጄ፣ ነገ የገና ዋዜማ ነው። በዓመት በዓል መርዶ አይነገርም። በበዓሉ ማግስት ማለዳ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ፊትህ እንዳያሳብቅብህ። ብላ ሲልህ ብላ፣ ሲስቅ ሳቅ” አሉኝ። ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ ምን እንደምል አልነገሩኝም።

አያ ደምሌ ወፍሯል። ሲያቅፈኝ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። “አንተ አጥንት ብቻ! እናታችን እንዴት ናት? ያቺ ቁጡስ?” አለኝ። “ደህና ናቸው” አልኩት። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነበር።

በማግስቱ ፒያሳ ወሰደኝ። ስለ ፒያሳ የምነግርሽ ብዙ ነው። ሱቆቹ በቀይና በአረንጓዴ አምፖል ተከበዋል። ሰዎች ጥድ ቆርጠው በመንገድ ዳር ይሸጣሉ፤ ገዢው ተሸክሞ ቤቱ ይወስድና መሐል ሳሎን ላይ ያቆመዋል። እኛ የቤታችንን እንጨት አውጥተን ሸጥን፤ እዚህ ደግሞ እንጨት ገዝተው ወደ ቤት ያስገባሉ። በሱቁ መስታወት ውስጥ ከጫማዎቹ ሥር ጥጥ ተነጥፏል። ጥጡ ተባዝቶ ለምን ሳይፈተል እንደተረሳ ጠየቅሁት። አያ ደምሌ ሳቀ። “ጥጥ አይደለም፤ በረዶ ነው። በፈረንጅ አገር በገና በረዶ ይወርዳል፤ ለጌጥ ብለው ነው” አለኝ። በረዶ ማሽላችንን ሲመታው አባታችን ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ እንደዋለ ታስታውሻለሽ? እነሱ ለበዓል ያነጥፉታል። አያ ደምሌም ያን ቀን ያስታወሰ መሰለኝ፤ መሳቁን ተወ።

አንድ መደብ ላይ ቁጭ ብለን ሻይ በፓስቲ በላን። ፓስቲ ሊጥ ሆኖ ዘይት ውስጥ ገብቶ የሚያብጥ ነገር ነው፤ ውስጡ አየር ነው። ቀጥለን ኬክ ቤት ፊት ቆምን። ጾም ስለሆነ ማየት ብቻ ነበር። ነጭ፣ ቡናማ፣ በላዩ ቀይ ፍሬ ያለበት ኬክ ተደርድሯል። “ብርቄ ብታየው መስታወቱን ትልሰው ነበር” አለ። “ሰው ፊት አትልስም። ዞር እስኪሉላት ትጠብቃለች” አልኩት። ብዙ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጋሽ እሸቴ ስላዘዙኝ አልነበረም።

ከዚያ ልብስ ሱቅ ገባን። ነጋዴው ቢጫ ቀሚስ አወረደ። አያ ደምሌ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ቁመቷ የት ደረሰ?” አለኝ። እጄን አነሣሁ። አንቺ ደረቴ ድረስ ሳትደርሺ ነው የቀረሽው፤ እኔ ግን እጄን ከደረቴ በላይ አደረግሁት። ልጅ ያድጋል ብዬ ነው። “ይኼን ያህል? በዚህ ረሃብ?” አለ ተደንቆ። ነጋዴው ትልቁን ቀሚስ አወረደለት።

ሌሊት ጊዮርጊስ አስቀድሰን ስንመለስ ጾሙን ፈታን። የአያ ደምሌ ቤት አከራይ እማማ ዶሮ ሠርተው ነበር። ቀስ ብዬ በላሁ፤ መጠለያው ውስጥ ቶሎ ቶሎ የበላ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። እማማ ወግ አዋቂ ነው ብለው አመሰገኑኝ።

በገና ዕለት ቀን ላይ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ሄደን አንበሶቹን አየን። ሰው ከፍሎ ይገባል። አንበሶቹ ሥጋ ይጣልላቸዋል። አንዱ በልቶ ሲጠግብ ቀሪውን ትቶ ተኛ። አንቺ ወንዱን ትተሽ ሴቷን ትመርጪ ነበር፤ ሥራ የምትሠራው እሷ ናት ይላሉ። ቀጥሎ ያ ኬክ ቤት ገባን። ኬክ እንዲህ ነው፦ ከቅቤ የሚለሰልስ፣ ከማር የሚጣፍጥ፣ ግን ወዲያው የሚያልቅ። ሁለተኛ ጊዜ ግን አልፈልገውም። አያ ደምሌ “ለብርቄ አስጠቅልልሃለሁ” አለ። “ይበላሻል፣ ሙቀት ነው” አልኩት። ይህ እውነት ነበር፤ በሁለቱ ቀን ውስጥ ስለ አንቺ የተናገርኩት ብቸኛ እውነት ነው።

ወደ ማታ ገደማ ለገና ጨዋታ ጃንሜዳ ሄድን። ሕዝብ ነው። ከዳቦ ቤቱ ልጆች ጋር ሆኖ አያ ደምሌ ዱላ ይዞ ገባ። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ አይቆጣም እንደሚባለው፣ ያልተሰደበ ሰው አልነበረም። አንዱ ረጅም ልጅ ከወዲያ ማዶ፣ “የወሎ ልጅ! ሩሯን ተዋት፤ ዳቦ መስላህ እንዳትውጣት!” አለው። ሜዳው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አያ ደምሌ ግን ወጉን ጠበቀ፤ “ዳቦህን የምጋግርልህ እኔ አይደለሁ? ነገ ሊጡ ላይ እተፋልሃለሁ!” ብሎ መለሰለት። ቀጠለና ዱላውን ከፍ አድርጎ፣ “ቆዩ ብቻ! ለፋሲካ እህቴን አመጣታለሁ። ቅልጥማችሁን አንድ በአንድ ነው የምትሰብረው!” አለ።

“ስንት ዓመቷ ነው?” አለው ረጅሙ።

“ዘጠኝ!”

እንደገና ሳቁ። አንዱ፣ “ተመስገን፣ እስከ ፋሲካ እግር አለን!” አለ። ያን ጊዜ የቁርጭምጭሚቴ ጠባሳ ትዝ አለኝ። ወንዝ ዳር ከወንዶቹ ጋር ካልተጫወትኩ ብለሽ፣ ሩሯን ስተሽ የመታሽኝ ነው። ይቅርታ አልጠየቅሽኝም። “እግርህን ለምን እዚያ አስቀመጥከው?” ነበር ያልሽኝ።

ብርቄ፣ የምነግርሽ ዋናው ነገር ይህ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ በሕይወት ነበርሽ። ቀሚስ ተገዛልሽ፣ ከእኔ ጋር ፒያሳን ዞርሽ፣ ጃንሜዳ ላይ አስፈራራሽ። መጀመሪያ መናገሩ ከብዶኝ ነበር፤ በገና ዕለት ማታ ግን ሳልጠየቅ ራሴ ማውራት ጀመርኩ። ሽማግሌዎቹ ባይመጡ ምን ነበረበት ብዬም አሰብኩ። ግን እናታችን የላከችኝ ለዚያ አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። አያ ደምሌ ከፈተ። ጋሽ እሸቴና ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። በማለዳ እንዲያ ሆኖ የመጣ ሽማግሌ ለምን እንደመጣ የማያውቅ የለም። እነሱን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። “እናቴ ናት?” አለ።

“እናትህ ደህና ናት” አሉ ጋሽ እሸቴ። “ብርቄ ናት።”

ሽማግሌዎቹ ከግራና ከቀኝ ክንዱን ሊይዙት ቀርበው ስለነበር ፊቱን አላዩትም። ከፊት ለፊቱ የነበርኩት እኔ ነኝ። ትከሻው ወረደ፣ ትንፋሹ ወጣ፣ ግንባሩ ተፈታ። እፎይ ያለ ሰው ፊት ነበር። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያህል ነው የቆየው። ከዚያ ስምሽ ደረሰውና ጮኸ። አራት ሰው ነው የያዘው።

እናታችን እንደፈለገችው ተለቀሰልሽ። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች ነጭ አቧራቸውን ሳያራግፉ መጥተው ተቀመጡ። ያ ረጅሙ ልጅ ሳይቀር መጣ፤ ቀና ብሎ ማንንም አላየም። ንፍሮ ቀረበ፤ ስንዴ ነበር። አይተውሽ የማያውቁ ሴቶች ስምሽን እየጠሩ አለቀሱ። ነገር ግን ሲወጡ ሲገቡ አንድ ነገር ይሉ ነበር፦ “እንኳን እናቱ ተረፈችለት። ወሎ ስንት ቤት ተዘግቶ የለ፣ እነሱስ በአንድ ወጡ።” ክፋት የላቸውም። መጠለያው ውስጥ ያሉት ሴቶችም ክፋት አልነበራቸውም።

ቀሚሱን አያ ደምሌ እሱ ጋ አስቀርቶታል። ስመለስ መጋዘኑ ድረስ ሸኘኝ። መኪናው ሲነሣ የበሩን እጀታ ይዞ፣ “ያን ዕለት ጠዋት... ፊቴን አይተኸው ነበር?” አለኝ።

“ጨለማ ነበር፤ አላየሁህም” አልኩት። በሩን ለቀቀው።

ቆቦ ስገባ እናታችን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ተለቀሰላት?”

“በወጉ ተለቀሰላት” አልኳት። ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና፣ ከሞትሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ዝም እንድትል አልነገሯትም።

አያ ደምሌን አትቀየሚው። እኔም አልተቀየምኩትም፤ የወደደሽን ያህል ነው የጮኸው። ይህ ዘመን ሰውን እንዲህ አድርጎታል፤ ማን ሞተ ሲባል ማን ተረፈ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፣ ግን በመልሱ መካከል አንቺ ታንሻለሽ።

አልረሳሽም ማለት ቀላል ነው፣ ሁሉም ይለዋል። እኔ የምገባልሽ ቃል ሌላ ነው። በደህናው ጊዜ በሰፈራችን አንድ ልጅ ስትሞት በሬ አይጠመድም ነበር፣ ገበያ የወጣው መንገድ ላይ ሰምቶ ይመለስ ነበር፣ “እንኳን እገሌ ተረፈ” የሚል አፍ አልነበረም። ስንት ዓመት ብኖር አንቺን የማስታውስሽ እንደዚያ ነው፤ ሌላ ማንም ባልሞተበት ዓመት እንደሞተች አንዲት ልጅ።

ወንድምሽ አራጋው
ቆቦ፣ ጥር