ስም ያለው ሕመም

ቢቸና፤ ሰኞ ኅዳር 14 ቀን 1963 ዓ.ም. ከጧቱ 3 ሰዓት

ተላጨሁ። ሸሚዝ ራሴ ተኮስሁ፤ አንገትጌው ላይ ጠቆረ። ሌላ ለበስሁ። ባንዲራ ተሰቀለ። ለተማሪዎቹ ስለ ትሕትና ንግግር አደረግሁ። ግሩም ንግግር ነበር።

(የጻፍሁትን ደግሜ አነበብሁት። ስለ ትሕትና ተናግሮ በንግግሩ የሚኮራ ሰው! አንተ ደብተር፣ ምነው ዝም አልህ?)

ውድነሽና ትርንጎ ሞጣ ከሄዱ ሦስተኛ ሳምንት ሆነ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ አማቴ ታማ ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ልታስታምም ሄዳለች እላለሁ። አማቴ ድንጋይ ይመስል ደህና ናት።

ከቀኑ 10 ሰዓት

የውድነሽ ደብዳቤ በጭነት መኪና ሹፌር እጅ ደረሰኝ። አጭር ነው። ልጅቱ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ሞጣ ት/ቤት ገብታለች። አሁን እንዳትመጣ ትላለች። ከዚያ ይህን፦ «አልመታኸኝም፣ ሰክረህም አልገባህም። ቤታችን ውስጥ ግን ከአንተ በቀር ሰው የለም። መጀመሪያ አንተን የሚያይህ ሰው ፈልግ።»

ተናደድሁ። አራት ገጽ መልስ ጻፍሁ። ለእሷ ያደረግሁትን፣ የተውሁላትን፣ የታገሥሁትን። ከዚያ የመምህር ነገር፣ ቀይ እርሳስ አንሥቼ ማረም ጀመርሁ። «እኔ» የሚለውን ሁሉ አሰመርሁበት። ገጹ ቀላ። የእሷ ስም ያለው ፖስታው ላይ ብቻ ነው። የትርንጎ የትም የለም።

አልላክሁትም።

ረቡዕ ኅዳር 16

እንግዲህ ልጻፈው። ሳልጽፈው የቆየሁት ስለማፍር ነው።

ጥቅምት 23፣ የዘውድ በዓል። ዳሱ ሞልቷል፤ የአውራጃው ገዥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ግጥም የምታነበንብ ልጅ መምረጥ ነበረብኝ። ከትርንጎ የተሻሉ ሁለት ልጆች ነበሩ። ትርንጎን መረጥሁ። ለምን? «የዲሬክተሩ ልጅ ናት» ሲባል ለመስማት።

ሦስተኛው አንጓ ላይ ጠፋት። ቆመች። እኔን አየችኝ። ተነሥቼ ሣቅሁ፣ እንግዶቹ እንዲሥቁ። ከእናቷ የወረሰችው ነው አልሁ፣ ጮክ ብዬ። ሣቁ። ከዚያ ከጎኗ ቆሜ ቀሪውን ግጥም ራሴ በቃሌ ተወጣሁት። ጭብጨባ። ገዥው እጄን ጨበጡኝ። ልጅቱ ወዴት እንደሄደች አላየሁም።

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ይህ ነው የሚያሳፍረኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ማታ እራት ላይ ትርንጎ «አባባ» ልትል ምላሷ ተያዘ። አ፣ አ፣ አ። ደግመሽ በይ አልኋት። እምቢ አላት። ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁና፣ አሥር ጊዜ ሳትንተባተቢ እስክትይ ከዚህ አትነሺም አልሁ። ውድነሽ ሰሐኗን አስቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ሄዱ።

ሐሙስ ኅዳር 17

የሚያየኝ ሰው ፈልግ ብላለች። ምክትሌን መ/ር ደጀኔን ቢሮ ጠራሁት። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ እውነቱን ንገረኝ አልሁት። በሩን አየ። መልካም ሰው ነዎት፣ ጌታዬ አለ። ሌላስ? በጣም መልካም ሰው ነዎት።

ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ይፈራኛል። ያልፈራኝ ሰው አጠገቤ አላቆየሁም ማለት ነው።

እሑድ ኅዳር 20፤ ከቅዳሴ በኋላ

የንስሐ አባቴን መምሬ ጥሩነህን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው። እያስለቀሰኝ ተናገርሁ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ። ስጨርስ ያሉኝን እንዳለ ልጻፈው፦

«ልጄ፣ ኃጢአትህን እንኳ አሳምረህ ነው የምትናገረው። ስታለቅስ እያየሁህ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ሰርቀህ አየኸኝ።»

እውነት ነው። አይቻቸዋለሁ።

ውዳሴ ከንቱ አሉት። አባቶች ከትልልቁ ኃጢአት ሁሉ የሚፈሩት እሱን ነው፣ በጾምም በጸሎትም ውስጥ ይገባልና። ራሴን አብዝቼ ስለምወድ ነው? አልሁ። ያላወቁትን እንዴት ይወዳሉ? አሉ።

ከባድ ቀኖና ጠበቅሁ። ስግደት፣ ሱባኤ፣ የሚወራ ነገር። የሰጡኝ ይህ ነው፦ ለሰባት ቀን በቀን አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ስማ፤ ከራስህ ምንም አትጨምርበት። በቃ። ትንሽነቱ አስቀየመኝ።

ስንለያይ ደግሞ፣ ኃጢአቱ የእኔ ድርሻ ነው፣ ሕመም ካለበት ግን ሐኪም ጠይቅ አሉ። ሞጣ ጤና ጣቢያ ያለው የሐረሩ ሰው የአእምሮ ነገር ተምሯል፤ የቤተ ክርስቲያናችንን አንድ ደብተራ ደህና አድርጎ ረድቷል። እስላም ነው ብለህ እንዳትቀር አሉኝ። እኔ እቴ፣ የሚያስቀረኝ እሱ አልነበረም። ሰው ያየኛል ብዬ ነው የፈራሁት።

ረቡዕ ኅዳር 23

ቀኖናው ትንሽ አይደለም። ትናንት ሻይ ቤት የጠየቅሁትን ሰው ሁለት ጊዜ አቋረጥሁት። ዛሬ የት/ቤቱን ዘበኛ አቶ ተሰማን፣ ቤት እንዴት ነው? አልሁት። ተገረመ። በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። በሬው እግሩን እንደታመመ ነገረኝ። እኔም አባቴ ስለነበረው በሬ ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ዘጋሁት። ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ።

ሚስቱ በክረምት ሞታለች። ለቀብር ፈቃድ የፈረምሁለት እኔ ነኝ። አላስታውስም። የፈቃዱ ወረቀት ላይ ፊርማዬ የሚያምር መሆኑን ግን አስታውሳለሁ።

ነፍስህን ይማር አልሁት፣ ለሚስቱ ማለት ሲገባኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ምንም አይደል ጌታዬ አለ፤ ዛሬ ጠየቁኝ እኮ።

ሞጣ፤ ቅዳሜ ኅዳር 26፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

በጭነት መኪና ደረስሁ። አቧራ ለብሻለሁ። ወደ አማቴ ቤት አልሄድሁም፤ እንዳትመጣ ተብያለሁና። በቀጥታ ጤ/ጣቢያ።

የሐረሩ ሰው፣ አቶ ሙክታር፣ ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ነው። በሽተኞቹን እስኪጨርስ ወረፋ እንድጠብቅ ነገረኝ። ዲሬክተር መሆኔን ነገርሁት። ሰምቻለሁ፣ ወረፋ ግን ይጠብቁ አለ። ከአንዲት ሕፃን ካዘለች ሴትና እግሩ ከቆሰለ ሽማግሌ ኋላ ተቀመጥሁ። ልሄድ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ።

ከዚያ ሰማኝ። አጫጭር ጥያቄ ይጠይቃል። ያን ቀን ልጅዎ ፊቷ ምን ይመስል ነበር? አላውቅም አልሁ። ባለቤትዎ ምን ይወዳሉ? ልብሴ ላይ ያለውን አቧራ አራገፍሁ። ሰው ሳያመሰግንዎ የዋለ ቀን ምን ይሰማዎታል? የሌለሁ ይመስለኛል አልሁ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣ። አንድ ገጽ በአማርኛ እየፈታ አነበበልኝ። ናርሲሲዝም ይባላል። ከግሪኮች ተረት የመጣ ነው፤ ውኃ ውስጥ መልኩን አይቶ ከዚያ መነሣት ስላቃተው ጎልማሳ። ሰዎች ራስ ወዳድነት ነው ይላሉ፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው አለኝ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ባዶውን በሰው ዓይን ይሞላል፤ ዕቃው ቀዳዳ ስለሆነ አይሞላም። ሚስትና ልጅ ውኃ ቀጂ ይሆናሉ።

በአንድ ቀን ይህ ነው ብዬ ልፈርምልዎ አልችልም፣ እኔ ወባና ቁስል ነው የማክመው አለ። የሚያክመው አ.አ. አንድ የአእምሮ ሐኪም አለ። ሕመሙ ክኒን የለውም። በየሳምንቱ መነጋገር ነው፤ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። እንዲህ ያለ ሰው በእግሩ መጥቶ አይቼ አላውቅም፣ ብዙ ጊዜ የሚመጡት የተጎዱት ሚስቶቻቸው ናቸው አለ።

ደብተሬ ሆይ፣ ስማ። ይህን ሲል ልቤ ሞቀ። በእግሩ የመጣ የመጀመሪያው! የግሪክ ስም ያለው ሕመም፣ በቢቸና አውራጃ ማንም የሌለው! ደስ እንዳለኝ ነገርሁት። ሣቀ፣ ከዚያ ሣቁን ተወው።

«ይኸውልዎ አቶ ዘለቀ። ሕመሙ ይህ ነው።»

ሞጣ፤ እሑድ ኅዳር 27፤ ከቀኑ 6 ሰዓት

ትርንጎን አገኘኋት። አስቤ አልነበረም። መኪና ልፈልግ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሳልፍ ድምጿን ሰማሁ። ከአራት አምስት ልጆች ጋር ገመድ ትዘላለች፤ የምትቆጥረው እሷ ናት። ድምጿ ጥርት ያለ። ታዛለች፣ ትሥቃለች፣ አንዷን ተሳሳትሽ ብላ ትቆጣለች። ይህችን ልጅ አላውቃትም።

አየችኝ። ገመዱ ወደቀ።

መጣች። አንገቷን ደፋች። አ፣ አ፣ አ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ልጨርስላት። እጄን ጉልበቴ ላይ ጫንሁና መሬት ተቀመጥሁ፣ ከእሷ ዝቅ እንድል። አንድ ሰው አልፎ ሰላም አለኝ፤ አልመለስሁለትም። ቃሉ እስኪወጣላት ረጅም ጊዜ ወሰደ። ላብ አጠመቃት።

«አ... አባባ፣ መቼ መጡ?»

ትናንት አልኋት። ምን እየተጫወታችሁ ነው? ነገረችኝ። እየተያዘች፣ እየቆመች ሕጉን ሁሉ ነገረችኝ። አልጨመርሁም። ያን ቀን ስለሣቅሁብሽ አጥፍቻለሁ አልሁ። ሌላ የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ፤ ተውሁት። ገመዷን አንሥታ ወደ ልጆቹ ተመለሰች። ይቅር አላለችኝም። አልጠየቅኋትምም።

ውድነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ቆማ ኖሯል። ምን ያህል እንደቆየች እንጃ። ስለ ሐኪሙ ነገርኋት፣ ስለ ሕመሙ ስምም።

«ስሙን ለእኔ አታምጣልኝ» አለች። «ሕመም ነው ስትለኝ ላዝንልህ ነው? አሥራ ሁለት ዓመት አዝኛለሁ።»

«ልታከም ነው።»

«ታከም። ለራስህ ታከም።»

«ትጠብቂኛለሽ?»

«አልምልልህም፣ ዘለቀ። ልጅቱን ማየት ከፈለግህ ግን እንደዛሬው ከሆነ ና።»

ነጠላዋን አጣፋች፣ ሄደች። ከኋላዋ ሳያት፣ ፀጉሯ ሸብቷል። መቼ?

ቢቸና፤ ዓርብ ታኅሣሥ 16

ለት/ሚኒስቴር ማመልከቻ። ዲሬክተርነቱን ልለቅ፣ አ.አ. ተራ መምህርነት እንዲሰጠኝ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስት ገጽ፤ መሥዋዕትነቴን የሚተርክ። ቀደድሁ። ሁለተኛው ሕመሙን በስሙ ይጠራል። ቀደድሁ። ሦስተኛው፦ በሕመም ምክንያት ሐኪም ወዳለበት ከተማ በተራ መምህርነት እንድዛወር አመለክታለሁ። ፊርማ። ታተመ፣ ተላከ።

መ/ር ደጀኔ ቅጂውን አነበበ። ጌታዬ፣ ይህን ሥራ ማን ይችለዋል? አለ። አንተ አልሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ሳይሆን እኔን አየኝ።

ማክሰኞ ጥር 25

መልስ መጣ። አ.አ. ዳር አንድ ት/ቤት፣ የአራተኛ ክፍል መምህር። ደረጃዬ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ አመመኝ። አራተኛ ክፍል! ጌታዬ የሚለኝ የለም። እምቢ የሚል ደብዳቤ በልቤ አሳመርሁ።

መምህራኑ መሸኛ ሊያዘጋጁልኝ ነው አሉ፤ ንግግር፣ ስጦታ። እንዴት እንደፈለግሁት! የሚሉትን ሁሉ ከወዲሁ እሰማዋለሁ። አይሆንም አልሁ። ከቢሮ ወጥቼ ጓሮ ቆሜ አለቀስሁ፣ ማንም ሳያየኝ። እንዲህ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ልቤ ግን መ/ር ደጀኔ በመስኮት ባየኝ ይላል። ከዚህ ጋር ነው እንግዲህ የምኖረው።

ዝውውሩን ተቀበልሁ ብዬ ፈረምሁ።

እሑድ የካቲት 7፤ ከጧቱ 2 ሰዓት

ነገ ጉዞ። አቶ ሙክታር የአ.አ.ውን የአእምሮ ሐኪም መልስ ልኮልኛል። ይቀበለኛል። አንድ ነገር አስቀድሞ አዝዟል፦ ስለ ራስህ ምንም አትጻፍ፤ ስለ ልጅህ አንድ ገጽ ጽፈህ ይዘህ ና።

ከንጋት ጀምሮ ወረቀቱ ፊቴ ነው።

ትርንጎ። አሥራ አንድ ዓመቷ። መልኳ የእናቷ ነው። ገመድ መዝለል ትወዳለች። የምትጠላው ወጥ...

ጨለማ ትፈራለች? የልብ ጓደኛዋ ማን ትባላለች? በየትኛው እጇ ነው የምትጽፈው? የስንት ሺህ ልጆች ደብተር አርሜያለሁ።

ከዚህ የበለጠ አላውቅም። ለሐኪሙ ይህንኑ፣ ከነጎዶሎው እወስድለታለሁ። ከምሳ በፊት ለትርንጎ ወደ ሞጣ አጭር ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ጥያቄ ብቻ ያለበት። በፈለገችው ቀን፣ ከፈለገች፣ ትመልስልኝ። አሁን እጀምረዋለሁ።