ዘሩ ነው እንጂ አልራበውም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

አባባ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ያ ሳልዎስ ለቀቀዎ? የእማዬስ የወገቧ ነገር እንዴት ሆነ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። ልቤንም ደህና ነው ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ስለ ጤናዎ የጠየቅኩዎም ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ እውነተኛ መልስ እፈልጋለሁ።

እህቴ የላከችው ፎቶ ደርሶኛል። በሩ ላይ ቆመው እየሳቁ ነው። ኮትዎ ግን ሰው ላይ ሳይሆን ማንጠልጠያ ላይ ያለ ይመስላል። በስልክ ስጠይቅዎ እንደ ልማድዎ ሳቁብኝና፣ የእኛ ዘር ድሮም ቀጭን ነው፣ አባቴም እንዲሁ ነበር፣ አንቺ ብቻ ነሽ ወደ እናትሽ ወገን ሄደሽ የወፈርሽው አሉኝ። ስለ ውፍረቴ ያሉትን ዋጥ አድርጌዋለሁ። የቀረው ግን አልወርድ ብሎኝ ነው ይህን የምጽፈው። ስለ አንድ ውሻ ላወራዎ ነው፤ ይታገሱኝ።

የማገለግላቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ እንደነበሩ ነግሬዎታለሁ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አብሯቸው የቀረው ይኸው ውሻ ነው። ግራጫ ነው፣ ረጅም ነው፣ ነፋስ የሚጥለው ስለሚመስል ሰንበሌጥ ብዬዋለሁ። ሥራ የገባሁ ዕለት ሳየው የተራበ መሰለኝ። ጎድኑ ይቆጠራል፤ ሆዱ ከጀርባው ሊጣበቅ ምንም አልቀረው። ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ወሽቆ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ እንግዳ ሲመጣ መጮኹን ትቶ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ሌላውን ጊዜ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነው የሚውለው። እንግዲህ ልጅዎን ያውቋታል፣ የተራበ አይታ አታልፍም። ሥጋውንም ዳቦውንም እየደበቅኩ አጎረስኩት። ምን ያደርጋል፣ ሁሉንም ምንጣፉ ላይ ዘረገፈው፤ እኔም ተንበርክኬ ስፈትግ ዋልኩ። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው በሳቅ ፈረሱ።

ከታች የምትኖረው ፀጉር ሠሪ ግን አልሳቀችም። ውሻውን ደረጃ ላይ ባየችው ቁጥር ከንፈሯን ትመጥ ነበር። አንድ ቀን ለሽማግሌው ልጅ ደውላ፣ ሠራተኛዋ የቤቱን ምግብ ብቻዋን እየበላች ውሻውን በረሃብ ልትገድለው ነው ብላ ነገረቻት። የእኔን ወገብና የእሱን ጎድን አስተያይታ ይሆናል፤ እውነት ለመናገር ማስረጃ አላጣችም። ልጃቸው ሌላ ከተማ ያለች አስተማሪ ናት። የእንስሳት ሐኪም ይዛ መጣችና፣ ተርቧል ካለ ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ።

ሐኪሙ የማይቸኩል ሰው ነው። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ በመጀመሪያ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ጭንቅላቱ ሾል ያለና ጠባብ መሆኑን፣ ደረቱ ጠልቆ ወገቡ ድንገት መሰብሰቡን፣ የቆዳውን ስስነት፣ የእግሩን ርዝመት በጣቱ እያሳየ ነገረን። ይህ የአደን ውሻ ዘር ነው፣ ያውም ሯጩ አለ። ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ አፍንጫቸውን መሬት ላይ ተክለው ጠረን የሚከተሉና በጩኸት ሰፈር የሚያውኩ ሌሎች አሉ፤ ይህኛው ግን በዓይኑ አይቶ በሩጫ የሚይዝ ነው አለ። ጠባዩን ደግሞ ከእኔ ጠየቀ። ይጮኻል ወይ ሲለኝ፣ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም አልኩ። ሰው ሲቆጣስ ሲለኝ፣ አልጋ ሥር ይገባል አልኩ። ሰው ላይ ይደገፋል ወይ ሲለኝ፣ ሳህን ሳጥብ መላ ክብደቱን እግሬ ላይ ጥሎ ነው የሚቆመው አልኩ። መንገድ ላይ ድመት ካየስ ሲለኝ፣ ያን ጊዜማ ክንዴን ነቅሎ ሊሄድ ነው የሚቃጣው አልኩ። ሳቀና፣ በቃ ራሱ ነው፣ አይጠረጠርም አለ።

ልጅቷ ጎድኑን እያሳየች አልቀበልም አለች። ይሄኔ ሐኪሙ እጇን ይዞ የውሻው ጭን ላይ አሳረፈው፤ የእኔንም እንዲሁ። አባባ፣ ድንጋይ ነው። ጎድኑን ተዉት አለን፤ በዚህ ዘር ጎድን መታየቱ የጤና ነው። የራበው ወይም የታመመ ቢሆን ኖሮ የጭኑና የጀርባው ሥጋ ያልቅ ነበር፣ ድዱም ይገረጣ ነበር። ዘሩ ነው እንጂ አልራበውም አለ። ልጅቷ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህ አባባል የቤቱ ቀልድ ሆነ። ሽማግሌው ምግባቸውን ነካ ነካ አድርገው ሳህኑን ሲገፉት ምነው ስላቸው፣ እኔም እንደሱ ነኝ፣ ዘሬ ነው እንጂ አልራበኝም ይሉኛል። እስቃለሁ። ለልጃቸውም በስልክ ይነግሯታል፤ እሷም ትስቃለች። መክሳታቸው አይታየንም፤ ሱሪያቸው ሁልጊዜ ልክክ ያለ ነው። ለምን እንደማይሰፋቸው ያወቅኩት ልብስ ስተኩስ ነው። የአንዱን ሱሪ ወገብ ብገለብጠው ስፌት በስፌት ላይ፣ እጥፋት በእጥፋት ላይ ሆኖ ውስጡ ወፍሯል። ለካ በከሱ ቁጥር ክፍላቸውን ዘግተው ራሳቸው እያጠበቡት ነው የሚለብሱት። እጃቸው ደግሞ ልዩ ነበር፤ ከውጭ ምንም አያስታውቅም።

ካውያውን አስቀምጬ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ካልሲ ላድርግልዎ ብዬ ተንበረከክሁና ሐኪሙ እንዳሳየን እጄን ጭናቸው ላይ አሳረፍኩ። አባባ፣ እዚያ ምንም አልነበረም። ጨርቅና አጥንት ብቻ ነው። ለምን እንደነካኋቸው ወዲያው ገባቸው፤ እጄን መታ መታ አደረጉና፣ ለልጄ አትንገሪያት አሉኝ። ነገርኳት። ሮጣ መጣች፣ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሐኪሞቹም ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ አሉን። ብዙም አልቆዩ፣ አረፉ። ከቀብር እንደተመለስን ልጃቸው ወጥ ቤት ገብታ አጠገቤ ቆመች። ለውሻው ሐኪም ይዤ የመጣሁ ዕለት አባቴ እኮ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር አለችና እንባዋ ቀደማት። አቀፍኳት።

ሰንበሌጥ አሁን ከመኝታ ቤታቸው በር ሥር አይነሳም። ምግብ ሳቀርብለት አሽትቶ ይተወዋል። ትናንት ጭኑን ዳሰስኩት፤ ላልቷል። ጎድኑ ግን ያው ስለሆነ፣ ለሽንት ተሸክሜ ሳወርደው ፀጉር ሠሪዋ እንኳ አንድ ቃል ሳትናገር ታልፈዋለች። በእጄ ትንሽ ትንሽ እያጎረስኩት ነው፤ የሚተርፍ አይመስለኝም።

አባባ፣ እንግዲህ ያስቸገርኩዎ ለዚህ ነው። ዘራችን ቀጭን መሆኑን አልክድም። አያቴን አልደረስኩባቸውም፤ ቀጭን ነበሩ ካሉኝ ነበሩ። ቀጭን ዘር ግን አይታመምም ያለ ማነው? እኔ እንዳልዳስስዎ እጄ አይደርስም፤ ፎቶ ደግሞ ኮት እንጂ ሥጋ አያሳይም። ፈርቻለሁ፣ አባባ። ቃሉ ይኸው ነው።

ይህን ጮክ ብላ የምታነብልዎ እህቴ ስለሆነች መደበቂያ የለዎትም፤ ሁሉም ይስማ። እማዬ፣ ናፍቀሽኛል፤ አጠገባቸው ስትቀመጪ እጅሽን ጭናቸው ላይ አድርጊ። ቢቆጡም አድርጊ፤ ያገኘሽውንም ሳትደብቂ አስጽፊልኝ። እህት ዓለም፣ ፎቶውን ያነሳሽው አንቺ ነሽና ሐኪም ቤት የምትወስጃቸውም አንቺው ሁኚ፤ ይህ ደብዳቤ የደረሰበት ሳምንት እንዳያልፍ። ታላቅ ወንድሜ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ለቀበቷቸው በምስማር አዲስ ቀዳዳ የምትበሳላቸው አንተ እንደሆንክ ፎቶው ላይ ከተንጠለጠለው የቀበቶ ጫፍ ገብቶኛል፤ ከእንግዲህ እንዳትበሳ። የወንድሜን ልጆች ጉንጫቸውን ሳሙልኝ። ጎረቤታችንን አናጢውንም እንዴት ነህ በሉልኝ።

እርስዎን ግን፣ አባባ፣ ጉልበትዎን ስሜ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። መልስ ሲልኩልኝ ያንን ቀልድ አይላኩልኝ። ከእርስዎ በፊት የነገሩኝን ሰው ቀብሬ ነው የመጣሁት።

ልጅዎ

ከምሠራበት ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ኅዳር 9 ቀን