ሁለተኛው ካሴት፦ የአቶ ተድላ ለገሠ የሕይወት ታሪክ

አቶ ተድላ ለገሠ ከአባታቸው ከአሥር አለቃ ለገሠ እንግዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንቅነሽ አበጋዝ በ1948 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው ወታደር ሆኑ። በጦሩ የቦክስ ቡድን ውስጥም ተወዳድረዋል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ ሱዳን ተሰድደው ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ተቀመጡ። ቀን ቤት ይቀቡ፣ ማታ ለስደተኛ ልጆች ቦክስ ያስተምሩ ነበር። ትዳር አልመሠረቱም።

በ1988 ዓ.ም. በተከራዩት ካሜራ ስለ አንድ ቦክሰኛ ፊልም ሠሩ። ቦክሰኛው ራሳቸው ነበሩ። ተዋናዮቹ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን እኅቶች ስለሆኑ ቀረጻው በዕረፍት ቀናቸው፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ቦክሰኛው ተመትቶ ይሞታል። በቀብሩ የሚያለቅሱት እኅቶች ምን እንደሚሉ አልተነገራቸውም፤ አገራቸው እንደሚያለቅሱት አለቀሱ። አቶ ተድላን በስማቸው፣ የስንቅነሽ ልጅ እያሉም ጠሩ። ፊልሙ ሳጃና ውስጥ ተወደደ።

የቀብሩ ክፍል ብቻ በካሴት ተገልብጦ ደሴ ደረሰ። በዚያ ዘመን የስደተኛ ቀብር ተቀርጾ ለቤተሰብ ይላክ ነበር። ወይዘሮ ስንቅነሽ ልጃቸውን በሳጥን አይተው ጥቁር ለበሱ። አቶ ተድላ ደብዳቤ ጻፉ፤ ስልክም ደወሉ። እናታቸው ግን ሞት ሲደበቅ በሟች ስም እንደሚጻፍ ያውቃሉ። በስልክ የሰሙትንም የሌላ ሰው ድምፅ ነው አሉ። አቶ ተድላ አገር ገብተው እንዳይታዩ ደግሞ እስር ይፈሩ ነበር።

ስለዚህ በ1991 ዓ.ም. ክፍል ሁለትን ሠሩ። ሰው የጠበቀው የሟቹ ወንድም ደም ሲመልስ ለማየት ነበር። አቶ ተድላ ግን ቦክሰኛውን ከሳጥኑ አስነሡት። ጓንታቸውን አውልቀው ወደ ካሜራው ቀረቡና፣ “እማዬ፣ አለሁ። ጥቁሩን አውልቂው” አሉ።

ኦምዱርማን በተከራዩት አዳራሽ ሲታይ ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ “ወላሂ ጋሽ ተድላ፣ እኛ ቀብረንዎታል፤ እንባችንን ይመልሱልን” አለ። አብዛኛው ሳያልቅ ወጣ። አቶ ተድላ አልተቆጡም። ወንበሮቹን ለብቻቸው ሰበሰቡ።

ካሴቱን ከተዋናዮቹ አንዷ ዘሃራ ለዕረፍት ስትሄድ ደሴ አደረሰችው። ወይዘሮ ስንቅነሽ አይተው እንደገና እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። ከዚያ፣ “ከስቷል፤ የሚያበላው የለም” አሉ። በማግሥቱ ነጭ ለበሱ። ዘሃራ ተመልሳ ይህን ለአቶ ተድላ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ፊልም አልሠሩም። ወይዘሮ ስንቅነሽ ከልጃቸው ጋር ሳይገናኙ በ1994 ዓ.ም. አረፉ።

አቶ ተድላ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ዐርፈዋል። እኅታቸው ወይዘሮ ምንዳዬ ለገሠ ደሴ ይኖራሉ። መርዶውን ሰው በአካል ሄዶ ይነግራቸዋል። አቶ ተድላ ቀብራቸው እንዳይቀረጽ አደራ ብለው ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ ካሜራ የለም።

በዚህ ዓለም ዳግመኛ ያልተያዩትን እናትና ልጅ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያገናኛቸው።