ፈገግ እያለ ስለሚነክሰው

ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ራስሽ፣ ወገብሽ፣ ደግሞም ያ የግራ ክንድሽ እንዴት ነው? የእማማ ጉልበትስ? ልጆቹስ ደኅና ይተኛሉ? እኔ ቅንድቤ ላይ ከተሰፋው በቀር እንደ ብረት ነኝ። እሱንም እነግርሻለሁ።

ይህን በገዛ እጄ ጻፍኩት። በማታ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ነኝ ብልሽ መምህራችን ይቃወም ይሆናል፤ ግን እሱ እዚህ የለም። ድሮ በጸሐፊ ሳስጽፍ ጉዳያችንን መንገደኛ ሁሉ ይሰማው ነበር። የዛሬውን ግን ከእኔና ካንቺ፣ ከእግዜርም በቀር የሚያውቀው የለም።

ሥራዬን ስሚ። ፅንስ እጅና እግር እንዴት እንደሚያወጣ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ዘንድ የእንስሳት ጠባቂ ነኝ። ያለ እኔ ሳይንስ ይቆማል። የምጠብቀው የውሃ እንሽላሊት ነው፤ የሚኖረው በመስታወት ገንዳ ነው። አፉ ሰፊ ስለሆነ ሁልጊዜ ፈገግ ያለ ይመስላል። አደንዝዘው እግሩን በምላጭ ይቆርጡታል፤ እሱ ደግሞ በፅንስነቱ እንዳበቀለው ከነጣቶቹ መልሶ ያበቅለዋል። በዓይኔ ባላይ እኔም አላምንም ነበር።

ታዲያ ሌላ ቤተ ሙከራ ይህንኑ ጥናት ቀድሞ ሊያሳትም ነው የሚል ወሬ መጣና አለቃችን አበደ። እኛ ነጎድጓዱ ነው የምንለው። ጨምሩ፣ ቁረጡ፣ ቶሎ በሉ አለ። ገንዳ አነሰ። እግሯ አዲስ የበቀለላትን አንዲት ሴት ከአንድ ግዙፍ ወንድ ጋር ደባልቋት አለ። ጥናቱን የምትሠራው ተማሪ ይነክሳታል ብትለው፣ ይለምዳታል አላት። ጠዋት ስገባ ውሃው ቀልቷል። አዲሱን እግሯን ከሥሩ ገንጥሎ በልቶታል፤ ካንገቷ ጎን ያለውን ላባ መሳይ መተንፈሻዋን ቦጭቆታል፤ ጥግ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች። እሱ መሃል ገንዳ ሆኖ ፈገግ ብሏል።

ነጎድጓዱ ይህን ሲያይ ጥፋቱን በተማሪዋ ላይ አደረገ። ስድቡን አልጽፈውም፤ ወረቀቱ ይቃጠላል። ከዚያ ወፍራም ጠርሙስ አንስቶ ወረወረባት። ጎንበስ ስትል ግድግዳው ላይ ተፈረካከሰና ስባሪው ቅንድቤን ከፈተው። ሁለተኛውን ሊያነሳ ሲል ደረስኩበት። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ፤ አንገትጌውን ይዤ ከመደርደሪያው ጋር አላተምኩት። አፍንጫው ደማ፣ ሸሚዜ ተተረተረ፣ መነጽሩ ተረገጠ። አሸነፍኩት ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰዎች ባያላቅቁን ግን ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አልነበረም።

ተማሪዋ ተንበርክካ፣ ጣቷ እየደማ፣ ስባሪውን ትለቅማለች። ቀና ብላ፦ «ተናዶ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም» አለችኝ።

እትዬ፣ ያንቺን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው። ሹፌሩ የአጎታችን ልጅ ስለ ባልሽ ስጠይቀው ካንቺ ያመጣልኝ ቃል ቁርጥ ይኸው ነበር። ክንዴን በር መታኝ ብለሻል አሉ። በር ክንድ ሁለት ቦታ አይሰብርም፤ ጠጉርም አይነጭም። ባልሽ ሳቂታ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ይወደዋል። አውቃለሁ፤ የእኔም ገንዳ ውስጥ አለ።

ሴቲቱን ለብቻዋ በባልዲ አስቀምጫታለሁ። ነጎድጓዱ ትባረራለህ እያለ ይዝታል፤ ይዛት፤ ገንዳ የሚያጥብለት ሌላ እብድ አያገኝም። እግሯ እንደገና ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ወደዚያው ገንዳ ከተመለሰች ግን የበቀለው ሁሉ የእሱ ቁርስ ነው። አንቺ ደግሞ እንሽላሊት አይደለሽም። ያንቺ አይበቅልም።

ይህን ያደረሰልሽ ሹፌር ቅዳሜ ጠዋት ወደ እኔ ይመለሳል። ገበያ እሄዳለሁ በይና ከልጆቹ ጋር ውጪ። ሻንጣ አትያዢ፤ ልብሳቸውን ደራርበሽ አልብሻቸው። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ በሯ ግን ከውስጥ ይቆለፋል። እኔ መሬት እተኛለሁ፤ ማንኮራፋቴን ቻይው። ደብዳቤውን አንብበሽ እሳት ውስጥ ክተቺው፤ እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ መቃጠሉ ቢያሳዝንም።

እማማን ስትሰናበቺ ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ትውጣልኝ ብላ በሹፌሩ የላከችብኝ እሷ ናት። ትልቁን ልጅሽን፣ አጎትህ ማንበብ ስለቻለ ደብተርህን አሳምር በይልኝ። የትንሿን ጉንጭ ስትመጣ እኔው እስመዋለሁ። ለአክስቴም ሰላምታዬ ይድረሳት።

ለባልሽ ሰላምታ የለኝም።

ወንድምሽ
ከገንዳዎቹ ክፍል፣ ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን