ሲሞቅ የሚደክም ሞተር

ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል የእናቴ ልጅ? ጤናህስ? ያ ሲበርድ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ? የውሃ ፓምፕ ትጠግናለህ ብለው ነገሩኝ። ውሃ ደግሞ ብርድ ነው፤ ቀበቶህን ጠበቅ አድርገህ ልበስ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። በጤና በኩል ደህና ነን። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ልጅህ እማ ዘይት ይቀየርልሽ ትለኛለች።

ልጅህ ያልኩት አውቄ ነው። እኔ ብወልዳትም መሪ ያስያዝካት አንተ ነህ። ስለዚህ ይህን ወረቀት ሳትቀደው እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ስልክ ስደውል አታነሳም፤ አልፈርድብህም። ብታነሳስ ምን እልሃለሁ? ጋሼህ ባሌ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው። ጆሮው እንደሆነ እንደምታውቀው ነው፣ ጎረቤት ኩባያ ሲወድቅ የተሰበረና ያልተሰበረውን ይለይልሃል። አሁንም ጋራዡ ውስጥ በትልቁ ጠረጴዛ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ምን ትጽፊያለሽ ሲለኝ የመለዋወጫ ዝርዝር ነው አልኩት።

ያንን የልጅህን የውድድር መኪና ሞተር እንደገና ሠራው። ፒስተን የሌለውን። ለጎረቤት ሳስረዳ ሞላላ ድስት ውስጥ የሚዞር ባለ ሦስት ጎን ብረት ነው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ስል ትስቅብኝ ነበር። ሦስት ወር ፈጀበት። የተነሳ ጊዜ ድምፁ የሐር ጨርቅ ሲቀደድ ይመስል ነበር፤ ደስ ብሎን ተቃቀፍን።

ግን ይደክማል። እስከ ስድስተኛው ሰባተኛው ዙር ጥይት ነው። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ የያዘው ይመስላል። ባለፈው ልምምድ ረጅሙ መንገድ ላይ ልጅህ ልትቀድም ወጥታ ስትረግጠው መኪናው ባዶ ሆነባት። ከኋላዋ በሙሉ ፍጥነት ይመጣ የነበረው ሊወጣባት ምንም አልቀረው፣ የጎን መስታወቷን ገንጥሎ አለፈ። እኔ አጥሩን ይዤ ቀረሁ። እሷ ወርዳ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? እማ፣ መስታወቱ ድሮም ልቅ ነበር።

ውድድሩ የፊታችን እሁድ ነው። ሃያ ዙር።

ያልነካነው ነገር የለም። መጀመሪያ ነዳጅ ነው አለ፤ ፓምፑን ቀየርን፣ ፊልትሮውን ቀየርን። ያው ነው። የእሳት ብልጭታውን የሚሰጠው ቦቢና ሲሞቅ ይሰንፋል አለ፤ ሌላ ተውሰን አሠርን። ያው ነው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ታፍኖ ይሆናል ብሎ አስወረደን፤ በአንዱ ጫፍ አይቼ በሌላው የልጅህን አፍንጫ አየሁ። በየጠዋቱ ደግሞ ካንዴላውን አስፈትቶ በማስነሻው ሞተሪኖ ያዞረዋል። በቀዳዳው ፑፍ፣ ፑፍ፣ ፑፍ ይላል፣ ሦስቱም ጎኖች እኩል። ትንፋሹ ደህና ነው፣ ችግሩ ውስጥ አይደለም ይላል።

እኔ ምን ተማርኩ? ስድስተኛ ክፍል ነኝ። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ብረት አጥቤያለሁ። የሚደክመው ሲሞቅ ከሆነ ለምን በብርዱ ይመረመራል እያልኩ ለራሴ አጉረመረምኩ። አንድ ቀን አፌን ከፍቼ ትኩስ እያለ እንፍታው አልኩት። ይብረድ አለኝ። ለምን ስለው እጅ ያቃጥላል አለኝ። ይህ ሰው እኮ ድሮ እሳት የመሰለ ሞተር ውስጥ እጁን ከቶ የሚሳሳቅ ነበር። አሁን ብሎኑን ሁሉ በጣቱ ዳብሶ ነው የሚያገኘው፤ ትኩስ ብረት ደግሞ አይዳበስም።

ጺሙንም እኔ ነኝ የምላጭለት። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ከብርጭቆው አፍ ላይ ያደርጋል። ልጅህ አባቴ ሲያረጅ ጥንቁቅ ሆነ ትላለች።

ትናንት ከምሳ በኋላ እሱ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ልጅህን ጠራኋት። ዞር ዞር አድርገሽ በደንብ አሙቂውና ሳታጠፊ ይዘሽው ነይ አልኳት። ያን የብየዳ ጓንት አጥልቄ የኋላውን ካንዴላ ፈታሁ። ክንዴ ላይ ሳንቲም የምታህል ቃጠሎ አለችልኝ። አዙሪው አልኳት።

ፑፍ፣ ፑፍ፣ ፉስ። ፑፍ፣ ፑፍ፣ ፉስ።

ለአንተም ለእኔም ያስተማረን እሱ ነው፤ ሁለት ጎን ከደከመ የጫፍ ማሸጊያው ነው፣ አንድ ጎን ብቻ ከደከመ የጎኑ ነው። ያቺ እንደ ጥፍር የቀጠነችው ብረት። ርዝመቷ በሞረድ ተስተካክሎ ለሙቀት የምትለጠጥበት ክፍተት ካልተተወላት፣ ስትሞቅ ነክሳ ትቀራለች፣ ትንፋሹም ያመልጣል። አንድ ቀን ደግሞ ትሰበርና ሞተሩ እየሮጠ ይደርቃል፣ ጎማውም አብሮ።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል። ሰምቷል። "የኋላው ነው?" አለኝ። የኋላው ነው አልኩት። "አንዱ ብቻ?" አንዱ ብቻ። በመኪናው አካል ላይ እጁን እያስኬደ እስከ መታጠቢያው ሄደና ንጹሕ እጁን ታጠበ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርህ።

ያ የክፍተት መለኪያ፣ እንደ ካርታ ተደራርበው የሚዘረጉት ቀጫጭን ብረቶች ትዝ ይሉሃል? ቁጥራቸው የጉንዳን እግር ያህላል። አምስት ሲለኝ አምስትን አውጥቼ አቀብለዋለሁ፤ እጄ ዘይት ነው ይላል። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ እጁ ዘይት ነው። የኋላውን በገጠመ ቀን ግን እኔ አልነበርኩም፣ ልጅህን ለተወዳዳሪዎች የጤና ምርመራ ይዣት ሄጄ ነበር። እስክመጣ አልጠበቀኝም። ስመለስ ሞተሩ ተዘግቷል፣ መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ማሸጊያዎቹን የምንለጥፍበት ቫዝሊን የነካው አምስት ቁጥሩ አልነበረም። ቀጭኑ ሁለት ቁጥር ነበር።

ምን አደረግኩ መሰለህ? በጨርቅ ጠርጌ ቦታው መለስኩት። እሱ ደስ ብሎት ያፏጭ ነበር።

ይህን የምነግርህ አምናም ያደረግኩት ይህንኑ ስለሆነ ነው። ሞተሩ በተሰበረ ጊዜ የማሸጊያውን ሞላ ሳታስገባ ዘጋህ ብሎ በሰው ፊት ሲያዋርድህ፣ አንተ የገጠምከው የፊተኛውን እንደነበር አውቃለሁ። የተሰበረው የኋለኛው ነው። ስብርባሪውን በቤንዚን ያጠብኩት እኔ፣ ከማን እጅ እንደወጣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ዞረህ አየኸኝ። እኔ ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር። ያጠፍኩትን ዘርግቼ መልሼ አጠፍኩት። አንተም ያቺን እጀታዋን ከመጥረጊያ እንጨት ያበጀህላትን ትንሿን ሞረድህን ብቻ ይዘህ ወጣህ።

ባሌ ነው ወንድሜ። ሰው ዓይኑ መድከሙን ከሰማ ሞተሩን ማን ያምነዋል፣ ሞተር ካጣ ደግሞ ምን ሆኖ ይውላል ብዬ ነው። ለእሱ ብዬ አንተን አሳልፌ ሰጠሁ። ያኔ የጠፋው ብረት ነው አልኩ። አሁን ግን ከብረቱ ፊት የተቀመጠችው ልጄ ናት።

እሷ እሁድ እወዳደራለሁ ብላለች። እስከ ሰባተኛው ዙር በቂ ርቀት እይዛለሁ፣ ከዚያ እየተንፏቀቅኩ እገባለሁ ትለኛለች። እሱ ተይ ሊላት አልቻለም። ተይ ካላት ለምን ትለዋለች፣ ለምን ካለችው መልሱ ረጅም ነው። ጠዋት ሦስት ጊዜ ጠራት፤ አቤት አባዬ ስትለው ጎማሽን አይተሽዋል ወይ ይላታል። እኔም ዛሬ ቁልፉን ከመስቀያው አንስቼ ጡት መያዣዬ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ግን እስከ መቼ? እሷ መለዋወጫ ቁልፍ የት እንዳለ ታውቃለች፣ ያሳየሃት አንተ ነህ።

ሞተሩን መክፈት አንድ ቀን ነው፣ መግጠም አንድ ቀን። እኔ ማጠብ እችላለሁ፣ በተራ መደርደር እችላለሁ። መሞረድ አልችልም። አንተ ግን ትችላለህ። ሐሙስ ብትደርስ ቅዳሜ በትኩሱ እንሰማዋለን። ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም፣ እሱን እዚሁ መጥተህ ትወስናለህ፤ ከፈለግህ አታናግረኝ፣ ሥራህን ሠርተህ ሂድ። ካልመጣህ ደግሞ ነገሩን ሁሉ ለልጄ በአባቷ ፊት ልነግራት ቆርጫለሁ። ያ ቀን ምን እንደሚያደርገው ግን አላውቅም።

ደብዳቤውን ነገ ጠዋት የአውቶቡሱ ሾፌር ይዞልህ ይመጣል።

ይህን ጽፌ ልዘጋ ስል ጋሼህ አምጪው እስቲ አለኝ። እምቢ ብል ይባስ ይሆናል ብዬ ሰጠሁት። ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ፣ አንዱን ገጽ ጨርሶ ሌላውን እየገለጠ፣ ብዙ ቆየ። አውራ ጣቱ ያረፈበትን የዘይት ምልክት ጥጉ ላይ ታየዋለህ። ከዚያ መልሶ አቀበለኝ።

"ዝርዝሩ ደህና ነው" አለኝ። "አንድ ነገር ግን ቀርቶሻል። ትንሿን ሞረድ ጨምሪበት።"

ጨምሬያለሁ፤ ይዘሃት ና።

መንገዱን ያቅናልህ፣ እጅህን ይባርክልህ። ወገብህን ሸፍን።

አንተ እታለም የምትላት
እህትህ