ከግራዋው ሥር የነበረችው ጥንዚዛ

ውድ ጸጋዬ፣

አፈሩ ይቅለልህ። ከሞትክ ሰባት ወር ሆነህ፤ ይህን ሳልነግርህ ግን ውስጤ አላርፍ አለ።

ጓሮ በሆድህ ተኝተህ ስትውል "ሰው ሚስቱን ፎቶ ያነሳል፣ የኔው ትል ያነሳል" እልህ ነበር። አንተም "ትል ካንቺ ይልቅ ዝም ብሎ ይነሳል" ትለኝ ነበር። ስልክህ ላይ አጉሊ መነጽር በፕላስተር ለጥፈህ ስንቱን አነሳኸው! ከግራዋው ቅጠል ሥር ያገኘሃትን፣ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የምትበልጠውን፣ ሦስት ነጭ ነጥብ ያላትን ጥንዚዛ ግን ማንም አያውቃትም ብለህ ፎቶዋን አዲስ አበባ ላሉ ተመራማሪ ላክህ። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ ጥያቄህ "መልስ መጣ?" ነበር።

መልሱ በአርባህ ማግስት መጣ። "ከዚህ በፊት ያልተመዘገበች ትመስላለች። በፎቶ ብቻ ግን ስም አይወጣላትም፤ አንድ ናሙና ይላኩልን።"

ጸጋዬ፣ ናሙና የለም። የሞትክ ዕለት ዕድሩ ድንኳን ሊተክል መጣ፤ የፊት ደጃችን ስለጠበበ ጓሮው ተመረጠ። የዕድሩ ዳኛ ኤርጎ "እትዬ፣ ለቀስተኛ እዚህ ዳዋ ውስጥ እንዴት ይቀመጣል? ግራዋውን እንቁረጠው፤ ለጉንዳኑም መድኃኒት እንርጭበት። ምን ይላሉ?" አለኝ።

ለሰው "በለቅሶ መሀል ምኑን አስቤው" እላለሁ። ውሸቴን ነው። አስቤዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ይህን ጓሮ አስጠርግ" ስልህ እምቢ ማለትህ ትዝ አለኝ። ጥለኸኝ በመሄድህ ተናድጄብህም ነበር። "ከነሥሩ ንቀሉት" አልኩ።

ከዚያ መልስ ወዲህ ስልክህን ይዤ እኔም በሆዴ እሳባለሁ። የጎረቤቱን ግራዋ፣ ወደ ገዘር ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ሁሉ ቅጠል በቅጠል ገለጥኩት። ጉንዳኑ ተመልሷል፣ ዝንቡም አለ፤ እሷ የለችም። ኤርጎ ሲያየኝ "ይተዉት እትዬ፣ ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም" ይለኛል። ምን እንደምፈልግ አልነገርኩትም፤ እሱ ምን አጠፋ?

ትናንት ለተመራማሪው "አልተገኘችም" ብዬ ጻፍኩ። "ያሳዝናል፤ በባለቤትዎ ስም ልንሰይማት አስበን ነበር" አሉኝ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ብትኖር ይቅር ትለኝ ነበር፤ እሱ ነው የሚብስብኝ።

ጓሮህን ያስጠረግሁት፣
ኢየሩስ
ጂንካ