ለደመቀች፣ እንደገና መሮጥ ስጀምር

ውድ እታለም ደመቀች፣

ዛሬ ሮጥኩ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ደቂቃ ሩጫ፣ ሦስት ደቂቃ እርምጃ፤ ፊዚዮተራፒስቷ ሐጊት ናት በወረቀት ጽፋ የሰጠችኝ። ጠባሳዬ ሳብ ሳብ አደረገኝ፤ እሱስ ይቻላል። ያልተቻለኝን ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ኩላሊቴን በሰጠሁሽ በአራተኛው ቀን በሆስፒታሉ ኮሪደር አብረን ስንራመድ ትዝ ይልሻል? አንቺ የግሉኮሱን ዘንግ እየገፋሽ፣ እኔ ሆዴን በትራስ ደግፌ። «ና እንሽቀዳደም፤ ሯጩ አንተ አይደለህ?» አልሽኝ። ሳቁ ስፌቴን ሊበጥሰው ደረሰ። «እባክሽ አታስቂኝ» ብልሽ ባሰብሽ። ቀደምሽኝም። ከዚያ ነርሷን ጠርተሽ «ይኼ ወንድሜ ነው፤ ብጠይቀው አንድ ቀን አላሳደረኝም» አልሻት። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

አሳድሬሽ ነበር፣ እታለም። ስምንት ወር።

የምርመራው ውጤት ከጤና መድኑ ከቁፓት ሆሊም የደረሰኝ በፋሲካ ማግስት ነው። ኩላሊቴ ይስማማሻል ይላል። እኔ ግን ለጥብርያስ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነበር፤ እሱን ልሩጥና እነግራታለሁ አልኩ። ደውለሽ ስትጠይቂኝ «ገና ነው» አልኩሽ። «መቼስ ምን ታደርገዋለህ፣ ቢሮ ነው» ብለሽ እኔኑ አጽናናሽኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰፈርሽ ከኪርያት ኖርዳው በአውቶቡስ ለዲያሊዛ፣ ለኩላሊት እጥበቱ ስትመላለሺ ክንድሽ በመርፌ ብዛት ጠቁሮ ነበር። አንድ ጠዋት እየሮጥኩ አውቶቡስሽ በአጠገቤ አለፈ። በመስኮት እጅሽን አውለበለብሽልኝ። እኔም አውለበለብኩልሽ፤ ሩጫዬንም ቀጠልኩ።

ማራቶኑን ጨረስኩ። በሳምንቱ «ውጤቱ ደረሰ» ስልሽ አልቅሰሽ ግንባሬን ሳምሽኝ።

በአዲሱ ኩላሊት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላሽ ሳንባሽ ታመመ፤ በአምስት ቀን ሄድሽብን። ዶክተሩ «ኩላሊቱ እስከ መጨረሻው ሠርቷል። ሰውነቷ ነው፤ በዲያሊዛው ብዙ ተዳክሞ ደረሰን» አለ። ዘመድ ሁሉ አለቀሰ። እኔን ዕንባ እንኳ እምቢ አለኝ።

ሽቭዓውን፣ ሰባቱን የሐዘን ቀን ከተቀመጥን በኋላ ቤቴን ዘግቼ ተኛሁ። ያስነሳችኝ ልጅሽ አዲ ናት። በየማለዳው ከዐጋሚም ሰፈር እየመጣች «ዶድ፣ ተነስ! እማ የወሰደችው ኩላሊትህን ነው፤ እግርህን አይደለም» ትለኛለች። አጎት ማለቷ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ስትቆጣም ስትወድም ያው ዶድ ነኝ። መጀመሪያ እስከ ሱቁ፣ ቀጥሎ እስከ ገበያው፣ በኋላም እስከ ባሕሩ ክንዴን ይዛ አራመደችኝ። የሚያውቀን ሰው ሲገጥመን «ለእማ ኩላሊቱን የሰጣት እሱ ነው» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት።

ወደ እኔ ዞራ ጠየቀችኝ።

«እማ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

ተነስታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች። ብደውል ብደውል አላነሳችም።

ዛሬ ብቻዬን ወደ ባሕሩ ወረድኩ። የመጀመሪያዋን ሁለት ደቂቃ ሮጬ ስራመድ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አዲ ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«ይቅር አላልኩህም» አለችኝ። «ግን ብቻህን ስትሮጥ ብትወድቅ፣ ሌላ ሐዘን የምቀመጥበት አቅም የለኝም። በል፣ ሰዓትህን ያዝ።»

ጎን ለጎን ሮጥን። አረማመዷ ቁርጥ ያንቺ ነው፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ስንጨርስ ውኃዋን አቀበለችኝና ሳትሰናበተኝ ሄደች።

እኅቴ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሺም እምቢም የምትይበት አፍ በሌለሽ ጊዜ መጠየቅ ነውር ነው። ማክሰኞ ሦስት ደቂቃ ነው የምሮጠው። ከመጣች ከእሷ ጋር፣ ካልመጣችም ልክ ናት።

የዘገየብሽ ወንድምሽ፣
ማንያዘዋል
ኔታንያ